እግር ስላበቀለች አንዲት ቀይ ፊደል

ለተከበሩ ኢንጂነር ኦስቫልዶ ፒትሬሊ፣
በሎስ ባራንኮስ ማዘጋጃ ቤት የመንገድ ዛፎችና አትክልት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው መሣሪያም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ ጊዜ ስለማይመችዎ ሳልጠየቅ ልመልስ፤ በሕይወት አለሁ፣ መጥረጊያዬም በእጄ ነው። ስሜ ኤልሲራ ኬሳዳ ይባላል። ቤቴ ከባቡር ሐዲዱ በታች፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ ካዞረው ረድፍ፣ ጉቶ ያለበት በር ነው። ከአምናው መኸር በፊት ቢሆን ኖሮ ዛፍ ያለበት በር እልዎት ነበር።

የወይን ለቀማው አልቆ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሠራተኞችዎ መጋዝ ይዘው ሰፈራችንን መጎብኘታቸው ስለማይቀር፣ እነሱ ከመድረሳቸው በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቀርብልዎ ወደድሁ። የማታ ትምህርት ቤት መምህሬ ኖርማ፣ ነገር ሲበዛ አንባቢው እንዳይጠፋበት በቁጥር ይቀመጣል ብላ አስተምራናለች፤ እርስዎ ደግሞ ነገር ቶሎ እንደሚጠፋብዎ ከዚህ በታች አስረዳለሁ።

አንደኛ፤ ዛፎቻችንን ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ ሳለ ስለሚከረክሙልን እናመሰግናለን። በዚህ አገር አንዲት የወይን ግንድ ያሳደገ ሰው ሁሉ፣ ዛፍ በመኸር ከቅጠሉ ምግቡን ወደ ሥሩ አውርዶ ሳይጨርስ ስለት እንደማይነካው ያውቃል። እርስዎ ግን ቅጠሉ አንድ በአንድ ወድቆ ጠራጊ ከሚያደክም፣ ከነቅርንጫፉ በመኪና ቢሄድ ይሻላል ብለው አሰቡልን። ዛፎቹም የጎረሱትን ሳይውጡ ከማዕድ እንደተነሡ እንግዶች ቆመው ቀሩ። በአደባባዩ ያሉት የጽጌረዳ ቁጥቋጦዎች እንኳ እንደ አዲስ ምልምል ወታደር ተላጭተዋል። ከመጋዝ የተረፈችውንም ጥቂት ቅጠል ከግንዱ ሥር ጠርጋችሁ ስለምትወስዱልን፣ ውርጭ ሲመጣ ሥሩ ያለ ብርድ ልብስ ያድራል፤ መንገዱ ግን ለፎቶግራፍ ያምራል።

ሁለተኛ፤ ቦዩን በሲሚንቶ ስለለበጡልን እናመሰግናለን። ከተራራው በረዶ ቀልጦ የሚወርደው ውኃ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ በየደጃችን ባለው የአፈር ቦይ እየሄደ ዛፎቹን ያጠጣ ነበር። በተለይ በመኸር፣ ቦዩ ለጽዳት ከመዘጋቱ በፊት፣ ዛፉ ለብርዱ ወራት የሚሆነውን ጠጥቶ ይተኛል። አሁን ቦዩ ለስላሳ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ውኃውም ሰላምታ እንደሚነፍግ ሀብታም ዘመድ በዛፎቹ እግር ሥር አልፎ ይሄዳል። ሲደርቁ ጊዜ «አርጅተው ነው» ተባልን። እኔንም እንደዚያው ስለሚሉኝ ነገሩ ወዲያው ገባኝ።

ሦስተኛ፤ ይህን በአጭሩ ልጽፈው ነበር፣ አልሆነልኝም።

እንደሚያውቁት በየግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ፊደል ያስጽፋሉ፤ «P» ከሆነ ይከርከም፣ «R» ከሆነ ከሥሩ ይነሣ ማለት ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና ነው። ባለቤቴ አኒባል ልቡን ታሞ አልጋ ሲይዝ በመድኃኒቱ ሣጥን ላይ ያለውን የሚያነብልኝ ሰው ስላጣሁ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገባሁ። መምህርት ኖርማም እነዚህን ሁለት ፊደላት እንዳናምታታ «P እግር ስታበቅል R ሆና ትሄዳለች» እያለች ነበር ያስጠናችን።

በደጃችን በቆመው የእንጆሪ ዛፍ ላይ ቀለም ቀቢዎ የጻፈው «P» ነበር፤ ቆሜ አይቻለሁ። ቀለሙ ግን ቀጥኖ ኖሮ፣ ከፊደሏ ሆድ ሥር አንድ ጠብታ የቅርፊቱን ስንጥቅ ተከትሎ አጋድሎ ወረደ። ሲነጋ እግር አብቅላ አገኘኋት። የሠራተኞችዎ አለቃ መጋዛቸውን ሲያስነሡ «ይሄ እግር አይደለም፣ የቀለም እንባ ነው» ብላቸው፣ «ዶኛ፣ ፊደል ሊያስተምሩኝ ነው?» አሉኝ። ጎረቤቴ ዶን ቲቶ፣ ምላሱ መቼም አያርፍ፣ ከአጥሩ ማዶ «ተዉአት ጌታው! ትናንት ፊደል ቆጥራ ዛሬ ማዘጋጃ ቤቱን ታርማለች!» ብሎ ሠራተኞቹን ሁሉ አሳቀብኝ። አለቃውም ለደንቡ ያህል ለእርስዎ ደወሉ። ድምፅዎ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ።

«R ይላል፣ ኢንጂነር።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

እንዲህ ያለ ፈጣን አገልግሎት በሌላ ጉዳይ አግኝቼ አላውቅም። ኋላም ቢሮዎ ድረስ ስመጣ ወንበር ሰጥተው፣ መዝገብዎን ገልጠው፣ «አዎ፣ ለመከርከም ነበር የታሰበው። ግን ዶኛ፣ ዛፍ እኮ ነው፣ ሰው አይደለም። ሌላ እንተክላለን» ብለው በጨዋነት ሸኝተውኛል።

እውነትዎን ነው፣ ዛፉ ሰው አልነበረም። ሰውየው የሞተው በጥር ነው።

የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ያለን አንድ መስኮት ወደ ምዕራብ ያያል፣ የአኒባልም አልጋ ከሥሩ ነበር። መጋረጃ ገዝተን አናውቅም፣ ዛፉ ነበረልንና። በዚያ በጋ አንሶላ እየነከርሁ መስኮቱ ላይ ብሰቅል፣ ሌላውን ነክሬ ሳልመለስ የፊተኛው ደርቆ ይጠብቀኛል። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው በቆመበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ስታርፍ ዓይኑን ገልጦ «ኤልሲራ፣ ጥላውን የት ወሰዱት?» አለኝ። «ያመጡታል» አልሁት። ሳያመጡት ሞተ። ሐኪሙ በወረቀቱ ላይ «የልብ ድካም» ብለው ጻፉ። ራሴ አነበብሁት፤ የፈሰሰ ቀለም የለበትም።

አራተኛ፤ ሌላ እንተክላለን ያሉትን ቃል ስላከበሩ እናመሰግናለን። በሲሚንቶው መካከል በቦረቦሯት ቀዳዳ እንደ ጧፍ የቀጠነ ችግኝ ተክለው፣ አንገቱን በሽቦ አስረው ሄደዋል። ቶሎ ደረቀ፤ አኒባልን እንኳ አልጠበቀም።

አሁን ደግሞ መኸር ገባ። ትናንት ቀለም ቀቢዎ በዚያው ባልዲ፣ በዚያው ቀጭን ቀለም በሰፈራችን አልፏል፤ በየግንዱም «P» ጽፏል። ያ ሲስቅብኝ የነበረው ዶን ቲቶ ዘንድሮ ደረቱ ያፍነዋል፤ የእሱም አልጋ እንደ ረድፉ ሰው ሁሉ ከምዕራቡ መስኮት ሥር ነው። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ በሬን አንኳኩቶ «ዶኛ ኤልሲራ፣ እባክሽ መነጽርሽን ይዘሽ ነይ። የእኔዋ እግር አብቅላለች?» አለኝ። ሄጄ አየሁ፤ ማብቀል ጀምራለች። «ምን ይሻላል?» ቢለኝ «አንተ ሳቅ፣ እኔ አስባለሁ» አልሁት። አልሳቀም።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አለቃው ሲደውሉልዎ «ምን ይላል?» ብለው ከመጠየቅዎ በፊት፣ ከሐዲዱ ወዲህ ተሻግረው ዛፉን በዓይንዎ ይዩት። ቅጠሉም እስኪረግፍ ይታገሡ፤ እኔ እጠርገዋለሁ። መጥረጊያዬ እንዳለ ከላይ ገልጫለሁ።

ጥላ የሚጋርደኝ ባለመኖሩ ለዓይኔ ብርሃን ሳይጎድልብኝ፣ በደጄ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ይህን በገዛ እጄ የጻፍሁ፣ የጤናዎና የቢሮዎ ቅዝቃዜ ዘወትር የሚያሳስበኝ፣ አክባሪዎ

ኤልሲራ ኬሳዳ
የአኒባል ፉኔስ መበለት

ማስታወሻ፤ እያንዳንዱ ነዋሪ በመኸር ወራት ደጁ ያለውን ዛፍ ከጉንዳን ለመከላከል እስከ ደረት ድረስ ኖራ እንዲቀባ በየግድግዳው ያስለጠፉትን ትእዛዝ ማንም ሳያግዘኝ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ዶን ቲቶ እየቆመ እየተነፈሰ ባልዲውን ይዞልኝ፣ ከሐዲዱ እስከ ድልድዩ ያሉትን ዛፎች ሁሉ ደጋግሜ ቀባኋቸው። ቀይ ፊደላትዎ ከኖራው ሥር በመቅረታቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ትእዛዙ ስለ ፊደላት የሚለው ነገር የለም። የእኔ ደጅ ጉቶ ግን እስከ ደረት ስለማይደርስ፣ እስካለበት ድረስ ቀባሁት።