ጨው ያወጣውን ማሳ ለሩዝ የመለሱት የአቶ ዳኘው አንለይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዳኘው አንለይ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ መባ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርገዱ ገብረ ሐና በ1957 ዓ.ም. ከወረታ ከተማ በታች፣ በርብ ወንዝ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። በደብራቸው ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ ዘመናዊ ትምህርታቸውንም ወረታ እየተመላለሱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። አባታቸው ሲደክሙ ትምህርቱን ትተው ሞፈር ጨበጡ።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሸጌ ዘመኑ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርት እያመረቱ ሦስቱንም አስተምረዋል።

የወንዙ ውሃ በበጋ እያነሰ ሲሄድ ከማሳቸው ጉድጓድ አስቆፍረው ሽንኩርቱን በሞተር ማጠጣት ጀመሩ። ውሃው ጨዋማ መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው። በ2008 ዓ.ም. መሬቱ ነጣ፤ የሩዙ ቡቃያ ከጫፉ እየነደደ ደረቀ። ከብቶች አፈሩን ሲልሱ ያዩ ጎረቤቶች፣ ዳኘው ሩዙን ትቶ አሞሌ ማምረት ጀመረ እያሉ ቀለዱባቸው። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን እህል አይቀምሱም ነበር።

የግብርና ባለሙያ ጨው የሚለቀው በዝናብ ውሃ ሲታጠብ እንደሆነ ነገሯቸው። በሐምሌ ሁሉም ሰው ክትሩን አጠባብቆ ውሃ ሲያቁር፣ አቶ ዳኘው የራሳቸውን ክትር አፍርሰው ውሃውን ለቀቁት። ውሃው የወረደው ግን ከበታቻቸው ወዳለው ወደ አቶ ባየህ ማሳ ነበር። የዚያ ዓመት የአቶ ባየህ ሩዝ ተቃጠለ። በአንድ ማኅበር ጽዋ የሚጠጡ ሁለት ሰዎች ሰላምታ አቋረጡ። ሽማግሌዎች ሲያስቀምጧቸው አቶ ባየህ፣ «ጨውህን እኔ ልላሰው?» አሏቸው።

አቶ ዳኘው በማግስቱ ጨው ካልነካው፣ ከደህናው የማሳቸው ወገን ቆርሰው ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚሄድ ቦይ መቆፈር ጀመሩ። ሁለት ክረምት ብቻቸውን ቆፈሩ። በሦስተኛው አቶ ባየህ አካፋ ይዘው መጡ፤ እንዲህ ያለ ቀርፋፋ ቆፋሪ አይቼ አላውቅም ብለው ከጎናቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ የሩዙ ገለባም የከብቶቹ ፍግም ወደ ማሳው ሆነ። ኩበት የጠፋባቸው ወይዘሮ ሸጌ፣ ያገቡት እኔን ነው ወይስ ማሳውን እያሉ ይተርቧቸው ነበር። አንድ ኩንታል የማይሞላ ሩዝ ይሰጥ የነበረው መሬት አምና ዐሥር ኩንታል ሰጠ። የዘንድሮው ከዚያም የተሻለ ነው፤ ገና አልታጨደም።

በዚህ ቦታ ስለ ሕመማቸው ሊጻፍ ይገባ ነበር። የሚጻፍ ግን የለም። ማክሰኞ ማታ ማጭዳቸውን ስለዋል፤ ለሐሙስ ደቦ ጠርተዋል። ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ ሩዙን ለማየት ወርደው ከቦዩ ዳር ተቀመጡ። አቶ ባየህ ከማሳቸው ሆነው ሲጠሯቸው አልመለሱም። በባጃጅ ወረታ ሲደርሱ ሐኪሙ አስቀድመው ማረፋቸውን ተናገረ። ቤተሰቡ እስካሁን አላመነም። ማጭዱ የተቀመጠበት ቦታ አለ። ዛሬ ሐሙስ ለአጨዳ የተጠሩት ሰዎች በሙሉ፣ በተጠሩበት ቀን፣ ለቀብር መጥተዋል።

አቶ ዳኘው በስልሳ አንድ ዓመታቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሸጌን፣ ልጆቻቸውን ሠርካለምን፣ ትሩፋትንና ማስተዋልን ትተው ሄደዋል። አቶ ባየህ ለቤተሰቡ፣ «ከሠልስቱ በኋላ ሩዙን እኛ እናጭዳለን። ቦዩንም በየክረምቱ እኔ እጠርጋለሁ» ብለዋል።

ድካማቸውን ያየ አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን። እንዲህ በድንገት ለቀሩት ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።