የአባትህ ካፖርት

ለምወድህ ልጄ፣

ፈጣሪ በምትሄድበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ ጤናህን ይጠብቅልህ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ። እህትህም ደህና ናት።

አባትህ ካረፈ ወዲህ ልብሶቹን ከኮርኒሱ በላይ አስቀምጬ ነበር። ላንተ ያልኩት ካፖርትም እዚያው ነበር። አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ ከጣሪያው ሥር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በጨርቅ ደፈንኳቸው። አባትህ በየዓመቱ እየወጣ ይጠርጋቸው ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ቤቱ መጥፎ ሽታ ሲያመጣብኝ ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ጎረቤታችንን አናጢውን ጠራሁት። ወጥቶ አየና፣ «እማማ፣ ቆርቆሮው ደህና ነው። የማድቤቱና የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ዝናቡን ከታች የሚልኩት እርስዎ ነዎት!» አለኝ። ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ካፖርቱን ሻጋታ በልቶት ሳነሳው እጄ ላይ ተቀደደ።

ይቅር በለኝ ልጄ፤ ለአንተ ብዬ ስጠብቀው አጠፋሁት። ጨርቆቹን ከቀዳዳዎቹ አውጥቻለሁ። አንተም ብርድ ነው ብለህ መስኮትህን ዘግተህ አትክረም፤ ለአፍታም ቢሆን ክፈተው።

ከካፖርቱ አምስት ቁልፎች አራቱን አጥቤ ልኬልሃለሁ፤ በራስህ ካፖርት ላይ ስፋቸው። የአምስተኛውን ቦታ ክፍት ተውልኝ። እሱ እኔ ጋ አለ፤ ስትመጣ በእጄ እሰፋልሃለሁ። ለዚያ ቀን አምላክ በሰላም ያድርሰን።

እናትህ