የበየነ የዓረብኛ መምህር

ይድረስ በእስክንድርያ ላለህ ለልጄ ለገብረወልድ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በምትሄድበት ይቅደምህ፤ ባሕሩን እንዳሻገረህ በጤና ይመልስልኝ። እኛ ጎባ በሕይወት አለን።

ወንድምህ በየነ አንተ ካለህበት ተማሪ ቤት ለመግባት በዓረብኛ እንደሚፈተን መልእክት ከላክህብኝ ወዲህ፣ ሼህ አደምን ከገሰራ አስመጥቻቸው እቤታችን ያስተምሩት ነበር። ጎረቤት እስላም አስገባች ብሎ አማኝ፤ እኔ ግን ልጄ ሲያነብ እየሰማሁ ደስ ይለኝ ነበር።

በጥቅምት የሼሁ አገር ሰዎች ግብር አንሰጥም ብለው ሁለት ወታደር ገደሉ። አጎትህ ባሻ ተሰማ ጭፍራውን ይዞ መንደራቸውን አቃጠለና በቀጥታ እኛ ቤት መጣ።

"አምፁ ብሎ የመከራቸው ይሄ ሼህ ነው፤ አውጪልኝ" አለኝ።

"ከመስቀል ወዲህ ከዚህ ግቢ አልወጡም። ወንድሜ፣ ስለ እናታችን ብለህ ተው" አልኩት።

ገፍትሮኝ ጎራዴውን መዞ ገባ። በየነ መምህሩ ላይ ተጠመጠመ። ጎራዴው የልጄን ቀኝ እጅ ከአንጓው ቆርጦ ሼሁን አንገታቸው ላይ አገኛቸው። ያስተምሩበት በነበረው ምንጣፍ ላይ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ደጄን አላስረገጥኩትም።

የበየነ ቁስል ሽሯል፤ በግራ እጁ መጻፍ ለምዶ ከነጋዴዎች ጋር ወዳንተ ተነሥቷል። አጎትህ ግን መንገድ ላይ አግኝቶት "የሼሁን ስም ካነሣህ ፈታኞቹ ያባርሩሃል" ብሎ አስፈራርቶታል። ልጄ፣ ፈታኞቹ ማን አስተማረህ ሲሉት ስማቸውን ከነአገራቸው እንዲናገር አበርታልኝ።

እግዚአብሔር እጃችሁ የያዘውን ሁሉ ይባርክላችሁ።

እናትህ እኅተማርያም