ለአባቴ ፔጆ ክሮሞች ጥበቃ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኬላው የዕቃ ማቆያ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የሮቤ ብርድ ወገብዎን ሳይነካ፣ ወንበርዎም ሳይጎረብጥዎ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ምኞቴ ነው። እኔ የጎባው የላሜራ ሠራተኛ ከሊል ወዚር ነኝ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሰባት ጊዜ ደጅዎ ቆሜ ነበርና መልኬን ባያስታውሱት እንኳ ጥላዬን አይረሱትም ብዬ አምናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። አባቴ ወዚር ከጎባ ደሎ መና በፔጆ 404 ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነበር። ስኳር በሽታ ዓይኑን ከወሰደው በኋላ መኪናዋ ጓሮ ቆማ ዛገች። ኩላሊቱም መድከሙን ሐኪም ሲነግረን፣ በሕይወት እያለ ላድስለት ተነሣሁ። ሞተሯን ሠራሁ፤ ቀለም ቀባኋት። ቀለም ግን ለማያይ ሰው ምኑ ነው? እሱ መኪናውን የሚያውቃት በጣቱ ነው፤ በፓራውልቷ፣ በመብራቶቿ ቀለበት፣ በበሮቿ እጀታ፣ በጎኗ በሚሄደው ቀጭን የክሮም ጌጥ። የድሮዎቹን በዝገት ስላለቁ ነቅዬ ጣልኳቸውና፣ ሻሸመኔ ከቆመች አንዲት አሮጌ ፔጆ ሌሎች አስፈትቼ በጆንያ አስጫንኩ። ጆንያው ከእርስዎ ኬላ አላለፈም።

አንደኛ፣ የአርባ ዓመት ፓራውልት ኮንትሮባንድ ሊሆን እንደሚችል በመጠርጠር ስላሳዩት ንቃት አመሰግናለሁ። የሻጩን ደብዳቤ ሳመጣ ማኅተም፣ ማኅተሙን ሳመጣ የአፋን ኦሮሞ ትርጉም አዘዙኝ፤ ትርጉሙን ሳመጣ ስብሰባ ገብተው ነበር።

ሁለተኛ፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው ብዬ ስለምንዎ «የሚሞት ሰው መኪና ምን ያደርግለታል?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። መልሱን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።

ሦስተኛ፣ ነሐሴ ላይ አባቴ እየደከመ ሲሄድ ጆንያውን መጠበቅ አልቻልኩም። እህቴ ሰሚያና እኔ ደግፈን ወደ ጓሮ አወጣነው። የሞተሯን ኮፈን ዳሰሰ። ወደ ጎኗ ሲያልፍ ክሮሙ በሚታሰርባቸው ባዶ ቀዳዳዎች ላይ ጣቱ ቆመ። ወደ ፊት ተመልሶ ፓራውልቱን ፈለገ፤ አጣው።

«ልጄ፣ ይቺ የእኔ አይደለችም» አለኝ። «ለማጽናናት ብለህ የሰው መኪና አታምጣብኝ። ለባለቤቱ መልስ።»

ወላሂ የራስህ ናት ብዬ ማልኩለት። ሰሚያም ማለችለት። ሞተሩን ሳስነሣለት ጥቂት አዳመጠና አስገቡኝ አለ። በአራተኛው ቀን ሞተ፤ እንዳታለልኩት አምኖ ነው የሞተው። ለዚህ የሚመጥን የምስጋና ቃል ስላጣሁ አልፌዋለሁ።

አራተኛ፣ በቀብሩ ማግስት ጆንያውን ስለለቀቁልኝ አመሰግናለሁ። ክረምቱን ሙሉ በግቢዎ አጥር ሥር ዝናብ ሲመታው ከርሞ ክሮሙ ተልጧል፤ ቢሆንም አንድ በአንድ ገጠምኩት። ለማን ብዬ እንደምገጥመው ሰሚያ ስትጠይቀኝ ቀጣዩን ብሎን አጠበቅኩ።

በእርጅናዎ ዘመን ልጅዎ ሲምልልዎ የሚያምኑበት ዕድል እንዲገጥምዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ከሊል ወዚር፣ ጎባ

ማስታወሻ፦ ከጆንያው አንድ የበር እጀታ ጎድሏል። ሁሉን ተረክቤያለሁ ብዬ ስፈርም ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልቆጠርኩም፤ እባክዎ ለመፈለግ አይድከሙ። የቀኙ የፊት በር አሁን የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው፤ እዚያ ሊቀመጥ የነበረው ሰው ደግሞ ከእንግዲህ አይመጣም።