ጄኔራሉን በጡሩንባ እንድቀበል ስለታዘዝኩት ትእዛዝ

ለክቡር የኦበርሊንደን ከንቲባ፣ ሄር ካስፓር ዶሊንገር፤

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለተከበሩት ባለቤትዎ ደስታ፣ ለወንበርዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ በከተማችን ባንድ ትልቁን ጡሩንባ የምነፋው ጫማ ሰፊው ሎረንስ ሁፕፋወር ነኝ። ጎረቤቶቼ ምጥ የያዛት ላም ይሉኛል፤ ላሟን ማስቀየም ነው እንጂ እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለውን ነፊ፣ እሑድ ጄኔራል ኤግበርት ፎን ትራስኒትስን ከባቡር ጣቢያ እንዲቀበል ስላዘዙት እጅ እነሣለሁ።

ቅሬታ ለማለት አልደፍርም፤ ግራ የገቡኝ ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛ፣ ትእዛዙ ጄኔራሉ «ከረጅም ጉዞ» ይመለሳሉ ይላል። እኔ ደንቆሮው ከእስር ቤት መስሎኝ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጣሊያን ውስጥ የአንድ መንደር ሰው ግድግዳ ሥር አስቁመው ስላስረሸኑ ሞት የተፈረደባቸው፣ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ የተቀነሰላቸው፣ በመጨረሻም ለጤናቸው ታዝኖ የተለቀቁ መስሎኝ ነበር። ሹመታቸውን ከመቶ አለቃነት ጀምሮ በቃሉ የሚያውቅ ከተማ ይህችን ብቻ መርሳቱ ይገርማል።

ሁለተኛ፣ በጄኔራሉ ጦር ወታደር የነበረው የባለቤቴ ወንድም ፋይት ያን ቀን «ተኩስ!» ሲባል ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። ጄኔራሉ ፈርመው እርሱንም እዚያው ግድግዳ ሥር አስረሸኑት። በየኅዳሩ በሐውልቱ ፊት ስንነፋ በጦርነቱ የወደቁት ልጆቻችን ስም ይነበባል፤ የእርሱ ግን የለም። ስሙ እንዲቀረጽ ስንለምንዎ፣ «ሎረንስ፣ ድንጋዩ ሞልቷል እኮ፤ ደግሞስ ልጁ ትእዛዝ አልሰማም» ብለው በደግነት አስረዱን። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። እንዲህ ያለሁ ጀግና ነኝ።

ሦስተኛው ከቤቴ ነው። ባለቤቴ ቫልቡርጋ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለወንድሜ ገዳይ ጉንጭህን ልትነፋለት ነው?» አለችኝ። ታዝዤ ነው አልኳት። «ፋይትም እኮ ታዝዞ ነበር» አለችኝ።

ልመናዬ አንድ ነው፤ የፋይት ስም ይቀረጽ። ድንጋዩ ከሞላ ከጀርባው ይሁን። ልጁን እወደው ነበር።

ኑሮውን በተከበረው ጫማዎ ሶል ላይ የመሠረተው፣ ከሶሉም ከፍ ብሎ የማያውቀው ታዛዥ አገልጋይዎ፣
ሎረንስ ሁፕፋወር

ማስታወሻ፦ እሑድ ይቀራል ብለው አይስጉ፤ ለእምቢታ ወኔ የለኝም። የባንድ ልብሴን ለብሼ፣ ጡሩንባዬን ታቅፌ ከፊት እቆማለሁ። ብቻ ከአፌ የሚገጥመውን የጡሩንባውን መንፊያ ቫልቡርጋ ነቅላ ወስዳዋለች፤ የወንድሟ ስም ሳይቀረጽ አልመልስም ብላለች። ስለዚህ ያለ ድምፅ ጉንጬን እነፋለሁ። ላሟ ዝም ስላለች ጄኔራሉ የባንዱ ዜማ ምነው እንዲህ አማረ ብለው ከጠየቁ፣ እባክዎ የፋይትን ስም ይንገሩልኝ።