በእህቴ ላይ የዘፈንኩት

ሲሲሚውት፣ ግሪንላንድ፣ ማርች 14፣ 2023

ለምወድሽም ለምቀናብሽም እህቴ፣ ለሬጊና፤

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እዚያ ዴንማርክ የአልቦርግ ዝናብ ዘንድሮም አልለቀቃችሁም አሉ። የላክሽው ፎቶ ደርሶኛል። አራቱ ልጆችሽ፣ ዘጠኙ የልጅ ልጆችሽ፣ መሐላቸው አንቺ ተንሰራፍተሽ። ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ማታ ነቀልኩት። ጠዋት መልሼ ለጠፍኩት።

ዛሬ የምጽፍልሽ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ሰው ፊት ቆሜ ዘፈንኩብሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከምሥራቁ ጠረፍ የመጣች ፒፓሉክ የምትባል የከበሮ አስተማሪ አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አንዳችንን በባህል አዳራሹ ትሰበስበናለች። እኛ ማለት ተማሪዎች ሳለን የዴንማርክ ሐኪሞች እኛንም እናት አባቶቻችንንም ሳይጠይቁ ማህፀናችን ውስጥ ሉፕ የሚሉትን የእርግዝና መከላከያ የከተቱብን ነን። ልጅቷ የጥንቱን ሕግ እናንሳው አለች። የድሮ ሰው ሲበደል ቢላ አይመዝም ነበር፤ ከበሮውን ይዞ በበደለው ሰው ላይ መንደር ፊት ይዘፍናል። በዳዩ ፊት ለፊት ቆሞ ይሰማል፣ መቆጣት ነውር ነው፤ ከዚያ ከበሮውን ተቀብሎ በተራው ይመልሳል። ሰው ስቆ ሲያበቃ ቂሙም ያበቃል። የእኛ በዳይ ሐኪሙ ነውና አንድ ወንበር አስቀምጣ ነጭ ካፖርት አለበሰችው።

መጀመሪያ ዮሃና ተነሣች። ስትዘፍን ዳሌዋን ወደ ወንበሩ አዙራ እንዴት እንዳወዛወዘችው ብታዪ በሳቅ ትሞቻለሽ። ቀጥሎ እኔ። ጉልበቴን ሰበር አድርጌ፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዝኩ፣ የከበሮውን ጠርዝ ከሥር መምታት ጀመርኩ። ስለ ሐኪሙ ቀዝቃዛ እጅ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ግጥም ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣሽው አንቺ ነሽ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ከበሮ አወጣው።

አያ አያ፣ እህቴ ዳክዬዋ፣
አራት ጫጩት ይዛ፣ ሰልፉ ከኋላዋ፤
እኔ ነኝ ያልኳት ሩጪ፣ እኔ ነኝ ያልኳት አምልጪ፣
እሷን አያቴ ይሏታል፣ እኔን አክስቴ ተቀመጪ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፒፓሉክ ግን ደነገጠች።

«እማማ ቦሌታ፣ ይሄ እኮ የሐኪሙ ተራ ነበር!»

«ተያት ባክሽ» አለቻት ዮሃና ዓይኗን እየጠረገች። «ሐኪሙማ ከሞተ ቆየ። እህቷ ናት ያለችው፤ እሷ ትመልስ!»

«አንቺስ፣ እህት የለሽም እንዴ የምትዘፍኚባት?» አለቻት ፒፓሉክ።

«አለችኝ፤ ግን እሷም እንደኔው ሉፕ የከተቱባት፣ ልጅ የማይዝ ወንፊት ናት፣ በምን ልቅናባት?»

ሁሉም እንደገና ሳቁ። እኔ ብቻ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ታስታውሻለሽ መቼም። ሐኪሞቹ በመርከብ መጥተው ስማችንን ሲጠሩ እኔ ቀደምኩሽ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ስወጣ ግድግዳውን ተደግፌ ነው፤ አንቺ አግዳሚው ላይ ተራሽን ትጠብቂ ነበር። ምን እንደከተቱብኝ አላወቅኩም፤ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ብቻ አውቄ «ሩጪ» አልኩሽ በጆሮሽ። ሮጥሽ። የሐኪሞቹ መርከብ እስኪሄድ ዓሣ ማድረቂያው ሥር ተደበቅሽ። የእኔን ሉፕ ኑክ ሆስፒታል ሲያወጡልኝ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ውስጤ ቆስሎ ቆስሎ ተዘግቷል አሉኝ። ባሌ ኤኖክ የቻለውን ያህል ጠበቀኝ፤ ከዚያ ከሌላ ወለደ። አልፈርድበትም።

ዛሬም ቢሆን ሩጪ እልሻለሁ። ግን ቅናቱን ምን ላድርገው? አንዱን ልጅ ስትወልጂ ካልሲ ሠርቼ ላክሁ፣ ሁለተኛውን ስትወልጂ ላክሁ፤ እየሠራሁ አንጀቴ ያርር ነበር። እማማ ስትሞት ደግሞ ሦስተኛዋን አርግዘሽ ነበርና ስሟን ሰጠሻት። የሞተ ሰው ከስሙ ጋር ይመለሳል፤ አገሩ ሁሉ ሕፃኗን «እማዬ» አላት። እኔም ተንበርክኬ ለአንድ ፍሬ ልጅ ካልሲ እያጠለቅሁ «እማዬ» አልኩ። እናታችንን እንኳ አንቺ ወለድሻት፣ ሬጊና! በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ያኔ ሩጪ ባትይኝ ኖሮ» ብለሽ አታውቂም።

ጁን 21፣ በብሔራዊ ቀናችን በዓል ላይ አደባባይ ወጥተን እንዘፍናለን። ነዪና ፊቴ ቁሚ። እኔ ልዝፈንብሽ፣ አንቺ አትቆጪ፤ ከዚያ ከበሮውን ተቀበይኝና መልሺ። በአፍንጫዬ ቀልጂ፣ ምቀኛ በይኝ፣ ያሻሽን ስደቢኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ፤ ዝምታሽን ሃምሳ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። የልጅ ልጅሽ ኒቪ በሴፕቴምበር ትወልዳለች ብለሽኛል። የልጁን ስም ለማንም ቃል እንዳትገቢበት፤ የእኔን ስጡት። ወንድ ከሆነም ቦሌታ ተብሎ ይሳቅበት፣ ምን ይሆናል። በቁም ያለ ሰው ስም ለሕፃን አይሰጥም ትዪኝ ይሆናል። እሱ አያስጨንቅሽ፤ ባለፈው ወር ኑክ ሄጄ ተመርምሬ፣ የቀረኝን ወራት ተነግሮኝ መጥቻለሁ። አንቺ ብቻ ለጁን ድረሽልኝ፤ ሴፕቴምበርን ለእኔ ተይው።

ዘርሽን እንደ ባሕሩ ዓሣ ያብዛልሽ።

ጥርሷን ነክሳ የምትመርቅሽ ታናሽሽ፣
ቦሌታ