የፊደል ማተሚያው ፕሮግራም በማን ስም ታሸገ

ቀን፦ ግንቦት 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለምሥራቅ በር ዕቃ አስተላላፊ ኃ.የተ.የግ.ማ.
ለዋና ሥራ አስኪያጅ ለወ/ሮ ገንዘቤ በዳሳ
ኦሎምፒያ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ያለአግባብ በሌላ ሰው ስም የወጣው በስሜ እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

1. እኔ አመልካች ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የድርጅቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። በዋናው ኮምፒውተር ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ከዲስኬት አንድ በአንድ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለጉምሩክ የምናቀርበው መሸኛ በአማርኛ እንዲታተም የሚያደርገውን ፕሮግራም ደግሞ ራሴ ጽፌዋለሁ። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

2. በኅዳር ወር የተቀጠረችው ወ/ሪት ሰምሃል ኣፅብሃ የዋናው ኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ አዲስ አሠራር እንዲዛወር ሐሳብ አቀረበች፤ እርስዎም ፈቀዱ። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፕሮግራም እንደ ጭነት ይታሸጋል። በውስጡ ያሉት ፋይሎችና እንዲሠራ የሚያስፈልጉት ነገሮች ዝርዝር አብሮት ይሄዳል። አንድ ትእዛዝ ያስገባዋል፣ አንድ ትእዛዝ ያወጣዋል። አሠራሩ ጥሩ መሆኑን አልክድም። እኔ ሦስት ቀን የምለፋበትን እሷ ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ትጨርሳለች። ሠራተኛው ጥያቄ ይዞ ወደ እኔ ጠረጴዛ መምጣት አቁሟል። የመጋዘኑ አቶ ሀሩን በሰው ፊት «ጋሼ፣ ልጅቷ እርስዎንም አሽጋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችዎት!» ብሎ አስቆብኛል።

3. የእኔ ፕሮግራም ሲታሸግ «ኃላፊ» በሚለው ቦታ የተጻፈው የእሷ ስም ነው። ስጠይቃት «ቦታው ያሸገው ሰው ስም የሚጻፍበት ነው፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለችኝ። እርስዎ እንደሚያውቁት በእኛ ሙያ ዕቃ ያሸገ ሰው በላኪው ቦታ ላይ ስሙን አይጽፍም።

4. የሚቀጥለውን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ሚያዝያ 20 ቀን አሮጌው አሠራር ተጠርጎ አዲሱ ሥራ በጀመረበት ዕለት መሸኛዎቹ በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ይዘው ወጡ። በዚህም ምክንያት ወደ ውጭ የሚላክ የሥጋ ጭነት አውሮፕላን አመለጠው። በማግስቱ እርስዎ ለወ/ሪት ሰምሃል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ፕሮግራሙ የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘ አንድ ፋይል ይፈልጋል። የሚያስፈልገውን ሁሉ ዘርዝሬ እንዳስረክባት በታዘዝኩ ጊዜ ያንን ፋይል በዝርዝሩ ውስጥ አልጻፍኩላትም። አልረሳሁትም።

5. እሷ ጉድለቱን በሃያ ደቂቃ አገኘችው። ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ ብላ «ጋሽ ኃይለኪሮስ፣ ይቺን ረስተዋት ነው መሰለኝ» አለችኝና ሄደች። እንዳልረሳሁት ማወቋ ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። ለማንም ሳትናገር ማስጠንቀቂያውን ፈርማ ተቀበለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እስከዚያ ቀን የምቀናው በችሎታዋ ብቻ ነበር።

ስለዚህ፦ በፕሮግራሙ ላይ የጻፈው ሰው ስም የሚገባበት መስመር ተጨምሮ «ኃይለኪሮስ አረጋዊ» ተብሎ እንዲሞላልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ያሸገችው እሷ መሆኗም ይቆይ፤ በደንብ አሽጋዋለች። የሚያዝያ 21 ቀኑ ማስጠንቀቂያም ከማኅደሯ ወጥቶ በእኔ ስም ተጽፎ ይሰጠኝ። እሱም የእኔ ሥራ ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኃይለኪሮስ አረጋዊ
የኮምፒውተር ባለሙያ